ዴቨሎፕመንት በካዛንቺስ፦ የአንድ ቃል ታሪክ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ካዛንቺስ ውስጥ ተወልጄ ካደግሁበት ግቢ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት አዛውንት ወረቀት ይዘው መጡና «እስቲ ልጄ፣ ይቺን ተመልከትልኝ» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው፣ ለእናቴ የዕድር ጓደኛ፣ ለእኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬን የሚያበሉኝ ሴት ነበሩ። ማንበብ ሳይችሉ ቀርተው አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊታቸውንም ይደግማሉ። «ፊደሉንማ አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ነው የጠፋኝ» አሉ። ወረቀቱ አንዲት ገጽ ናት። በዚያች ገጽ ውስጥ «ልማት» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተጽፏል።

«ልማት ከሆነ ደግ ነው» አሉኝ እትዬ። «ግን እኔ ከቤቴ ስወጣ ነው እንዴ የሚለማው?»

ለጥያቄያቸው የረባ መልስ አልሰጠሁም። «መንገድ ሊሠራ ነው፣ ሰፈሩ ሊታደስ ነው» ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን ቃሉ አልለቀቀኝም። አንባቢ እንደሚያውቀው የዚህ ጸሐፊ እንጀራ ትርጉም ነው፤ ሰነድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መገልበጥ። «ዴቨሎፕመንት» የሚለውን ቃል በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ «ልማት» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ያለ አእምሮዬ እርዳታ ይጽፈዋል። እትዬ በአንዲት ጥያቄ ያንን የለመደ እጅ አስቆሙት።

ከቃሉ እንጀምር። እንግሊዝኛው ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ የተጠቀለለን መፍታት፣ የተሸፈነን መግለጥ ነው። ተቃራኒው ዛሬ በፖስታ ቤት የምናውቀው «ኤንቨሎፕ» ነው፤ መጠቅለል፣ መሸፈን። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ላይ አዲስ ነገር ማምጣትን ሳይሆን በውስጥ ያለው እንዲወጣ ማድረግን ያመለክት ነበር። ከዚያ በኋላ የገባበት የለም። ፎቶ አንሺው ፊልሙን «ዴቨሎፕ» ያደርጋል፤ የቼዝ ተጫዋቹ ፈረሱንና ጳጳሱን ከመነሻ ረድፋቸው ሲያወጣ «ዴቨሎፕመንት» ይባላል፤ በሲምፎኒ ውስጥ ዜማው የሚፍታታበት ክፍል ይኸው ስም አለው፤ በሽተኛ ትኩሳት «ዴቨሎፕ» ያደርጋል፤ ሕፃን ያደርጋል፤ አገር ያደርጋል፤ ቦታ ገዝቶ ፎቅ የሚሠራ ነጋዴም «ዴቨሎፐር» ነው። ጋዜጠኛው ደግሞ ከግጭት ሥፍራ የደረሰውን አዲስ ወሬ ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራዋል።

አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አያባክንም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱን ይሰጠዋል። ፊልም ይታጠባል። ትኩሳት ይይዛል። ሕፃን ያድጋል። ጸሐፊ የደረጃ እድገት ያገኛል። ሶፍትዌር፣ በቅርብ ጊዜው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ፣ ይበለጽጋል። መሬት ይለማል። ይህ የቋንቋችን ድህነት አይደለም፤ እንዲያውም ሀብቱ ነው። ጣጣው የሚመጣው እንግሊዝኛው በአንድ ከረጢት ያጨቀውን ሁሉ እኛም በአንድ ከረጢት ካልከተትነው ስንል ነው። (በነገራችን ላይ «አልሚ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ለጤና ጣቢያ ነርስ አልሚ ማለት ለከሱ ሕፃናት የሚታደል ምግብ ነው፤ ለመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ደግሞ ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር ባለሀብት። ሁለቱም በትክክል አማርኛ ይናገራሉ።)

«ለማ» የሚለው ግስ ከባንክም ከሚኒስቴርም በፊት ነበረ። መሬት ለማ፣ አገር ለማ፣ ከብቱ ለማ ይባላል። ሰው ልጁን «ለማ» ብሎ ይሰይማል፤ «ይልማ» ብሎም ይመርቃል። ተቃራኒው «ጠፋ» ነው፤ ልማትና ጥፋት ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚጠሩ ቃላት ናቸው። ሰው የለቀቀው፣ አራሽ ያጣ መሬት «ጠፍ» ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ አሮጌ አማርኛ አገር የሚለማው ሰው ሲሰፍርበት፣ ጎጆ ሲበዛ፣ ጭስ ሲወጣ ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ አገር ይጠፋል እንጂ አይለማም። እትዬ ያቀረቡት ጥያቄ ከዚህ አማርኛ የመነጨ ነው፤ ወረቀቱን የጻፈው ጸሐፊ ደግሞ ከእንግሊዝኛው የተገለበጠውን አማርኛ ይጽፋል። ሁለቱም አንድ ቃል ይዘው ይነጋገራሉ፤ አይገናኙም።

ካዛንቺስ ራሱ የትርጉም ልጅ ነው። ስሙ የተገኘው በፋሽስት ወረራ ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ነው። «ካዜ» ማለት ቤቶች፣ «ኢንቺስ» ደግሞ በ1924 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ የተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠሪ ብሔራዊ ተቋም ምኅጻረ ስም ነው። «ካዜ ኢንቺስ» በአዲስ አበቤ አፍ ተፈጭቶ ካዛንቺስ ሆነ፤ በዚያው በቂርቆስ «ፖፖላሬ» የሚባለውም ሰፈር ስሙ ከጣሊያንኛ የሕዝብ ቤቶች ስያሜ ነው። ጣሊያኖች ቅኝ ግዛትን ማልማት ለሚሉት ነገር የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ «ቫሎሪዛሲዮኔ» ይሉታል፣ ዋጋ እንዲኖረው ማድረግ እንደ ማለት። በዚህ ስም ከተማዋን በዘር ሊከፍሏት አቀዱ፤ ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱትና ዛሬ መርካቶ የምንለው ተተከለ። ሰውን ከመሀል ከተማ አንሥቶ ወደ ዳር መውሰድ በአዲስ አበባ በዕቅድ ወረቀት ላይ የሰፈረው ያኔ ነው። ልማት ግን አልተባለም፤ ቃሉ ገና ለዚያ ሥራ አልተቀጠረም ነበር።

ቃሉ ወደ አገራችን የመንግሥት ሰነድ የገባበት በር ባንክ ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የትውልድ ዘመኑን የሚቆጥረው ከ1901 ዓ.ም. (1909 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የተቋቋመው ማኅበር ስሙ በፈረንሳይኛ ነበር፤ በስሙም ውስጥ የእርሻና የንግድ «ዴቬሎፕማን» የሚል ነበረበት። ያ ግን የጥቂት ሰዎች ቃል ነበር። የዓለም ቃል የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1949 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በበዓለ ሢመታቸው ንግግር በአራተኛ ነጥብ ላይ «ያልለሙ» ስላሏቸው የዓለም ክፍሎች ተናገሩ። በአንድ ቀን ንግግር ከግማሽ በላይ የሆነው የሰው ዘር «ያልለማ» የሚል ስም ወጣለት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያም በ1943 ዓ.ም. ስምምነቱን ፈረመች፤ አባቶቻችን «ፖይንት ፎር» የሚሉት እርሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1950 እ.ኤ.አ.፣ ሙሉ ስሙ ውስጥ «ዴቨሎፕመንት» የሚለውን የያዘው የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያ ብድሩን የሰጠው ለኢትዮጵያ ነበር፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ለአውራ ጎዳና፣ 2 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለልማት ባንክ ማቋቋሚያ። በዓመቱ ባንኩ ተቋቋመ። በእኔ ግምት «ልማት» ከገበሬው ማሳ ወጥቶ ሱፍ ልብስ የለበሰው በዚያ ብድር ነው።

የልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመታት የኖረው በካዛንቺስ አካባቢ በጆሲፕ ቲቶ ጎዳና ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ጨዋታ ነው፤ ጎዳናው ስሙን ያገኘባቸው ሰው አገር ዩጎዝላቪያ ናትና ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ለዋለው የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን አማካሪዎችን የላከችው። አሜሪካ ቃሉን ሰጠች፣ ዩጎዝላቪያ ፕላኑን።

በዚያው ዘመን ካዛንቺስ የቃሉ ዋና ከተማ ሆነ ማለት ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በሰፈራችን አጠራር ኢሲኤ፣ በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። አርቱሮ ሜዘዲሚ የነደፉት የአፍሪካ አዳራሽ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀኑን ልብ ይሏል! ታኅሣሥ 4 ቀን የተነሣው የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም። ያ መፈንቅለ መንግሥት በሬዲዮ ካሰማቸው ክሶች አንዱ ትናንት ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ወደፊት ሲገሰግሱ እኛ ባለንበት ቀርተናል የሚል ነበር። እንግዲህ በአንድ በኩል ደሙ ያልደረቀ የእድገት ጥያቄ፣ በሌላ በኩል በአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ያሸበረቀ የእድገት አዳራሽ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 1960ዎቹን «የልማት አሥር ዓመት» ብሎ ሰየማቸው። አሥሩ ዓመት አለቀ፤ ሁለተኛ አሥር ዓመት ታወጀ፤ ሦስተኛም ታከለ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ስለዚህ ቃል የተደረገው ሙግት በእኛ ሰፈር በኩል ሳይሰማ ያለፈ ትልቅ ታሪክ ነው። ናይጄሪያዊው አዴባዮ አዴዴጂ ከ1975 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. የኮሚሽኑ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በ1980 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች የተቀበሉት የሌጎስ የድርጊት መርሐ ግብር፣ ልማት ማለት አፍሪካ በራሷ ገበያና በራሷ ጉልበት መቆሟ ነው የሚል መንፈስ ነበረው። በዓመቱ የዓለም ባንክ በኢኮኖሚስቱ ኤሊዮት በርግ ስም የሚታወቀውን ሪፖርት አወጣ። በርዕሱ ላይ «ዴቨሎፕመንት» የሚለው ቃል «የተፋጠነ» ከሚል ቅጽል ጋር ተቀምጧል፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነው፦ መንግሥት እጁን ይሰብስብ፣ ዋጋ ይለቀቅ፣ ወደ ውጭ የሚላከው ምርት ይበረታታ። አዴዴጂ በ1989 እ.ኤ.አ. ከካዛንቺስ ሆነው የመዋቅር ማስተካከያውን የሚሞግት አማራጭ ማዕቀፍ አወጡ። አንድ ቃል፣ ሁለት ሰነድ፣ ሁለት ፍጹም የተለያዩ አፍሪካዎች። ብሩ በማን እጅ ስለነበር የማን ትርጉም እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም።

ወደ አማርኛው ስንመለስ በዚያን ዘመን «ዴቨሎፕመንት» የሚተረጎመው በሁለት ቃላት ነበር፤ አንዴ «ልማት»፣ አንዴ «እድገት»። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ተማሪውንና መምህሩን ወደ ገጠር ሲያዘምት ዘመቻውን «እድገት በኅብረት» አለው፤ በእንግሊዝኛው ግን «ዴቨሎፕመንት» ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው «የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ» ሲመጣ «እድገት» የቆመው ለሌላ የእንግሊዝኛ ቃል፣ የኢኮኖሚ መጠን መጨመርን ለሚለው «ግሮውዝ» ነው። እድገት ከሰው ወደ መቶኛ ወረደ። ይህ ጸሐፊ በዚህ የሚያዝንበት ምክንያት አለው። «እድገት» ማደግን ይዟል፣ ማደግ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፤ ልጅ፣ አሳዳጊ፣ አብሮ አደግ። መሬት አብሮ አደግ የለውም።

ቃሉ ሰውን ማፈናቀል የጀመረውም በደርግ ወይም በኢሕአዴግ ዘመን አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዋሽ ሸለቆ ለጥጥና ለሸንኮራ የተያዘው መሬት የአፋር አርብቶ አደር በበጋ የሚሸሽበት ግጦሽ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን እርዳታ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት ታስቦ የነበረው ለጭሰኛውና ለትንሹ ገበሬ ነው፤ ምርት ሲጨምርና መሬት ሲወደድ ግን ባለርስቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን አባረረ። ምርቱ ለማ፣ ጭሰኛው ተነሣ። «መሬት ለአራሹ» ያሉት ተማሪዎች ይህንን በዓይናቸው አይተዋል።

ለካዛንቺስ ኑሮ ወሳኝ የነበረው የሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራየው ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ከዚያ በታች ያለው ወደ ቀበሌ ሄደ። እትዬ የሚኖሩበት ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት የቀበሌ የሆነው ያኔ ነው። ኪራዩ እጅግ ርካሽ ነበር፤ ርካሽ ስለሆነም ማንም አያድሰውም፣ ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፣ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል። ቤቶቹ እንዲህ ሆነው ለሃምሳ ዓመት ቆሙ። አሁን ፈረሱ ተብሎ ቤተ መንግሥት የነበሩ አድርጎ የሚያወራ ሰው ካለ እዚያ ያልኖረ ነው። ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት ነበረን። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲና ድስት ወለሉ ላይ ደርድረን ከጣሪያው የሚወርደውን ጠብታ እንቆጥር ነበር።

ከ1990ዎቹ (ኢ.አ.) ወዲህ የመጣውን ዘመን አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ግን አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። አሜሪካዊው ምሁር ቻልመርስ ጆንሰን ስለ ጃፓን በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፉት መጽሐፍ የታወቀው ጽንሰ ሐሳብ በአቶ መለስ ዜናዊ አማካይነት ወደ አማርኛ ሲገባ «ልማታዊ መንግሥት» ተባለ። ስም ቅጽል ሆነ። ቅጽል ከሆነ በኋላ ማን ያቆመዋል? ልማታዊ ባለሀብት፣ ልማታዊ ጋዜጠኛ፣ ልማታዊ አርቲስት፣ የልማት ሠራዊት መጣ፤ ተቃራኒው «ፀረ ልማት» ደግሞ ስድብ ብቻ አልነበረም፣ የክስ መቅድም ነበር። ከልማታዊው ፊት ለፊት የቆመው ጠላት «ኪራይ ሰብሳቢ» ይባላል። ያም ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ ሳይሠሩ በሥልጣን ቀዳዳ የሚገኝን ጥቅም የሚያሳድድ ለማለት። በእኛ ሰፈር ግን ኪራይ ሰብሳቢ ማለት በየወሩ ደረሰኝ ይዞ የሚመጣው የቀበሌ ሠራተኛ ነበር። በቴሌቪዥን «ኪራይ ሰብሳቢነትን እንዋጋለን» በተባለ ቁጥር ጎረቤቶቼ እየሳቁ «እኛ እንኳን ወራችን አልደረሰም» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ርዕሱ «የልማት መብት» ነው። ልማትን መብት አድርጎ ማሰብ የአፍሪካ ሐሳብ ነው፤ ሴኔጋላዊው ዳኛ ኬባ ምባዬ በ1972 እ.ኤ.አ. አነሡት፣ በ1981 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 22 ላይ አሰፈረው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት መግለጫ አወጣበት፤ ብቸኛዋ ተቃዋሚ ድምፅ አሜሪካ ነበረች። (ቃሉን በ1949 ለዓለም የሰጠችው አገር ማለት ነው።) የእኛን ሕገ መንግሥት አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። እንግሊዝኛው ከንዑስ አንቀጽ 1 እስከ 4 «ዴቨሎፕመንት» እያለ ይሄዳል። አማርኛው በንዑስ አንቀጽ 1 ሕዝቦች ስለሚያገኙት መብት ሲናገር «እድገት» ይላል፤ በንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ስለሚሳተፉበት ነገር ሲናገር ደግሞ «ልማት»። እድገት የሚያገኙት ሕዝቦች ናቸው፤ ልማት ግን ዜጋው የሚሳተፍበት፣ ከእርሱ ውጭ ያለ ሥራ ነው።

ከዚያም ይኸው ንዑስ አንቀጽ ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ «የመጠየቅ» መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እንግሊዝኛው ግልጽ ነው፤ ምክክር ይደረግባቸው፣ ይጠየቁ ይላል። አማርኛው ግን? «መጠየቅ» ውስጥ ያለችው «ጠ» ስትጠብቅ ዜጋው ይጠየቃል፤ ማለትም መንግሥት መጥቶ ምን ታስባለህ ሊለው ግዴታ አለበት። ስትላላ ዜጋው ራሱ ይጠይቃል፤ ማለትም ሄዶ እባካችሁ ሐሳቤን ስሙኝ ይላል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። ሕግ አዋቂዎች ዓላማው ምክክር መሆኑን አያጡትም፤ ከእንግሊዝኛው ጋር አገናዝቦ ማንበብም አያዳግትም። እኔ የምለው ሌላ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ ይህ ቃል የተነበበው በየትኛው ድምፅ ነው? በዕድሜዬ ያየኋቸው ስብሰባዎች ሁሉ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ «አስተያየት ካለ» ተብሎ የተጀመሩ ናቸው። ሁላችንም አላልተን ስናነብ ኖረናል።

ሁለተኛው ቃል «ተነሺ» ነው። «የልማት ተነሺ» የሚለው ስያሜ ከመሥሪያ ቤት ቋንቋ ወደ ሰው አፍ ገብቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161ም ተነሺዎች ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ይደነግጋል። እንግሊዝኛው ለዚህ ሰው የሚሰጠው ስም «የተፈናቀለ» የሚል ነው፤ ያፈናቀለው መኖሩ በስሙ ውስጥ ይታወቃል። «ተነሺ» ግን ራሱ የሚነሣ ነው፤ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ፣ ከወንበሩ እንደሚነሣ። ቃሉ አንሺ የለውም። «ልማት» አልሚውን፣ «ተነሺ» አንሺውን ይደብቃሉ፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ያለ ባለቤት የቆመ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። ግሱማ ባለቤቱን አይሸሽግም ነበር፤ አማርኛ «መልማት»ንና «ማልማት»ን፣ «መነሣት»ንና «ማንሣት»ን ይለያል። ለዚህ ይመስለኛል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግስን የሚፈራው።

ካዛንቺስን መልሶ የማልማት ሥራ የተጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በላይ በቁርጥራጭ ሲካሄድ ቆይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ገብረ ይንቲሶ ያሳተሙት ጥናት ከአዲስ አበባ መሀል ተነሥተው ወደ ዳር የተወሰዱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከቤቱ ይልቅ ያጡት ቦታውን እንደነበር ያሳያል፤ ገበያውን፣ ደንበኛውን፣ በእግር የሚደረስበትን ሥራ፣ ጎረቤቱን። ይህ ከታወቀ ይኸው ስንት ዓመቱ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በሌሎች መንገዶች የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. በሁለተኛው ምዕራፉ ካዛንቺስ ደረሰና ሰፈሩ በሳምንታት ውስጥ ወረደ። ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። መሐንዲሱ ኮሪደር ሲል መንገድና ዳር ዳሩን ማለቱ ነው፤ በእኔ ትምህርት ቤት ግን ኮሪደር ማለት ክፍል የሌለው ተማሪ የሚቆምበት ቦታ ነበር።

መንገዱ አምሯል፤ ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለው፣ ማታ መብራት አለው፣ ሰው ሳይጋፋ ይሄዳል። የአፍሪካ አዳራሽም ለዓመታት የቆየው እድሳቱ አልቆ በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፈተ፤ የአፈወርቅ መስታወት እንደ ጥንቱ ያበራል። በዚያው ሰሞን ከአዳራሹ ብዙም ሳይርቅ እትዬ ወረቀታቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ካሳ የሚከፈለው ለባለ ንብረት ነው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ቢኖርም ንብረቱ ዕቃው ብቻ ነው። ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል። ያልተሰጣቸው የግቢውን በር ይዘው የሚሸጡት እንጀራ ደንበኞች፣ ጠዋት ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን በእግር መሳለም፣ ለሞታቸው ቀን ሲያዋጡለት የኖሩት ዕድር ነው። ዕድሩ በስም አለ፤ አባላቱ በአምስት አቅጣጫ ናቸው።

በፋሲካ ማግስት ገላን ጉራ ሄጄ ነበር። ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ቀሪውን በእግሬ። እትዬ ቤታቸውን አሳዩኝ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ነጭ፣ ቧንቧው ከቤት ውስጥ። ቧንቧውን ከፍተው ውኃውን እያሳዩኝ «ይኸው፣ ሠላሳ ዓመት ጀሪካን ተሸክሜ» አሉ፤ ደስታቸው እውነተኛ ነበር። ቡና አፈሉ። ድሮ ከሦስተኛው በፊት ግቢው ሁሉ ይሞላ ነበርና አራት ሲኒ ቀድተው፣ ሁለታችን ብቻ መሆናችንን አይተው ሁለቱን መልሰው ገለበጡ።

«ቤቱስ ቤት ነው» አሉኝ። «ጠያቂ ነው የሌለኝ።»